ቦሎኛ ለምትማሩ፦ የት ይበላል፣ የት ይዋላል?

ጣሊያን ለትምህርት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የቤት ኪራይና የመኖሪያ ፈቃድ ነው። እነሱ መልክ ከያዙ በኋላ ግን በየቀኑ የሚመጣ ጥያቄ አለ። ዛሬ ምን ልብላ? ከክፍል ስወጣ የት ልቀመጥ? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። የወሩን ገንዘብ የሚጨርሰው ግን እሱ ነው። ጣሊያንኛ የሚያስለምደውም፣ ከሰው የሚያግባባውም እሱ ነው።

የምጽፈው ስለ ቦሎኛ ነው። ተማሪ የሞላባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በ1088 እንደተመሠረተ ይነገራል፤ ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። የእኛ አገር ልጆች በስኮላርሺፕም በግልም ይመጣሉ። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ዩኒኮሬ በተባለው ፕሮግራም ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠልለው የነበሩ ስደተኛ ተማሪዎች እዚሁ ገብተው ተምረዋል። ዓመቱንም ሰዓቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚያ የምትኖሩት በእሱ ነውና።

ምክሬን ላስቀድም። ጠዋት የሰፈራችሁ ባር፤ እዚያ ባር ማለት ቡና የሚጠጣበት ቤት ነው። ምሳ ሜንሳ። ማታ ቤት ወይም አደባባይ። ኦስቴሪያ፣ ማለትም ወይንና ምግብ የሚሸጥበት ቤት፣ በወር አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ምክንያቱን ከታች አንብቡት።

ምሳ፦ ሜንሳ ወይስ ፎርኖ?

ሜንሳ የተማሪ ምግብ ቤት ነው። ከጀርባው ኤርጎ የሚባለው የክልሉ የተማሪዎች ድጋፍ መሥሪያ ቤት አለ። የቤተሰብ ገቢ ታይቶ የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ በቅናሽ ይበላል። ብዙ ልጆች ስኮላርሺፑን ሲያስቡ ስለሚገባላቸው ገንዘብ ብቻ ነው የሚጠይቁት። ማመልከቻውን ስትሞሉ ስለ ምግቡም ጠይቁ።

ትሪ ይዛችሁ ትሰለፋላችሁ። መጀመሪያ ፓስታ ወይም ሩዝ አለ። ቀጥሎ ሥጋ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል። ከጎን አትክልት፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ። ጣዕሙ እንደ ቀኑ ነው። ፓስታው አንዳንዴ ተቀምጦ ይለሰልሳል። 13፡00 ሲሆን ሰልፉ በሩን አልፎ ይወጣል። ግን ሙሉ ምግብ ነው፤ እስከ ማታ አይርባችሁም። ፒያሳ ፑንቶኒ (ፒያሳ ማለት አደባባይ ነው) ያለው ሜንሳ ከዛምቦኒ መንገድ ብዙ አይርቅም። የዩኒቨርሲቲው ዋና መንገድ ዛምቦኒ ስለሆነ ከክፍል ወጥቶ በልቶ ለመመለስ ይመቻል። ከቻላችሁ ሰልፉ ሳይጀምር ግቡ።

ፎርኖ ደግሞ ዳቦ ቤት ነው። ዳቦ ብቻ ሳይሆን በቁራጭ የሚሸጥ ፒዛና ፎካቻም አለው። ቆርጠው፣ መዝነው፣ አሙቀው በወረቀት ይሰጧችኋል። አንድ ቁራጭ ከ2 እስከ 4 ዩሮ ገደማ ነው። ርካሽ ይመስላል። ችግሩ አንዱ አያጠግብም። ሁለተኛ ትጨምራላችሁ፣ ውኃ ትገዛላችሁ፣ ማታ ላይ ደግሞ ይርባችኋል። ፒያዲና የተሻለ ይይዛል። ስስ ቂጣ ነው፤ አይብና አትክልት ወይም ሥጋ ተሞልቶ ይታጠፋል። ከ5 እስከ 8 ዩሮ ያስወጣል።

በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ግማሽ ሰዓት ብቻ ካላችሁ ፎርኖ ሂዱ። ከዚያ በላይ ጊዜ ካለ ሜንሳ። ዋጋው ብቻ አይደለም ምክንያቴ። ሜንሳ ውስጥ ብቻውን የሚበላ ተማሪ ብዙ ነው። ትሪ ይዞ "ኤ ሊቤሮ?" (ሰው የለበትም?) ብሎ ባዶ ወንበር ላይ መቀመጥ ማንንም አያስከፋም። ክፍል ውስጥ ሁሉም አቀርቅሮ ማስታወሻ ይይዛል። ምግብ ፊት ሲቀርብ ግን ሰው ያወራል። እኔ ያፈራኋቸው የጣሊያን ጓደኞች አብዛኞቹ የተገኙት ከዚያ ጠረጴዛ ነው።

ጠዋት፦ ቆሞ ወይስ ተቀምጦ?

ባንኮኒው ላይ ቆሞ የሚጠጣ ኤስፕሬሶ ከ1 ዩሮ ከ20 እስከ 1 ዩሮ ከ50 ገደማ ነው። ያንኑ ስኒ ተቀምጣችሁ ብታዙ፣ በተለይ ፒያሳ ማጆሬ ዙሪያ፣ ዋጋው እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ማንም እያታለላችሁ አይደለም። የባንኮኒ ዋጋና የጠረጴዛ ዋጋ ይለያያል፤ ዝርዝሩም ደንበኛ የሚያየው ቦታ ተለጥፏል። አንዳንድ ቦታ መጀመሪያ ካሳ በሚባለው ገንዘብ መክፈያ ላይ ከፍላችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ነው ወደ ባንኮኒው የምትሄዱት። ግራ ከገባችሁ ከፊታችሁ ያለው ሰው የሚያደርገውን አድርጉ።

ቶሞካ ቆሞ የጠጣ ሰው በዚህ አይደነቅም። የሚከብደው ሌላ ነው። አዲስ አበባ አንድ ማኪያቶ አዝዞ ሁለት ሰዓት መጫወት ይቻላል። ቦሎኛ ባር ውስጥ ቡና የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ላፕቶፕ ዘርግቶ መቀመጥ አይወደድም። ማኪያቶውም የለመድነው አይደለም፤ ኤስፕሬሶ ላይ ጠብ የተደረገ የወተት አረፋ ነው። የእኛ ዓይነት ካማራችሁ ካፑቺኖ ይቀርበዋል። ካፑቺኖ ደግሞ የጠዋት ነው። ከምሳ በኋላ ብታዙት ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን ዞር ብለው ያዩአችኋል።

የትኛው ባር? መሀል ከተማ ስም ያላቸው፣ ኬካቸው በመስታወት ውስጥ የተደረደረ፣ የሚያምሩ ባሮች አሉ። ዘመድ ሲመጣ ውሰዱት። ለየቀኑ ግን ከቤታችሁ በር ላይ ያለውን ምረጡ። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ምክር ብቻ ብትወስዱ ይህን ውሰዱ።

የእኔው ከቤቴ ትንሽ አለፍ ብሎ ከፖርቲኮው፣ ማለትም ጣሪያ ካለው የእግረኛ መንገድ፣ ሥር ነበር። ባለቤቷ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። በሩን ገፋ አድርጌ ቡኦንጆርኖ ሳልጨርስ እጃቸው ማሽኑ ላይ ይደርሳል። የድሮውን ቡና በጎን ያለ እንጨት ላይ መታ አድርገው ይደፉታል፤ አዲሱን ይሞላሉ፤ ስኒው ሳህኑ ላይ ቀጭ ይላል። አጠገቤ ጡረታ የወጡ አባቶች ቆመው ጋዜጣ ይዘው ስለ ኳስ ይከራከራሉ። ክፍል ውስጥ አልገባ ያለኝ የግስ እርባታ ስለ ቦሎኛ ተከላካይ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ ገባኝ። አንዱ አንድ ቀን "አንተስ ምን ትላለህ?" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልተቻለም። አንድ ሳምንት ስቀር ደግሞ ታምሜ እንደሆነ ጠየቁኝ። ባዕድ አገር ይህን የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። መሀል ከተማ ባለው ቆንጆ ባር አይገኝም፤ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ መንገደኛ ነው።

ለጾመኛና የአሳማ ሥጋ ለማይበላ

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ሌላ ቦታ ተጽፎ ስላላየሁት ነው። ቦሎኛ ምግቧ የተመሠረተው በአሳማ ሥጋ ላይ ነው። ሞርታዴላ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው ሌላው ነው። ቶርቴሊኒ ውስጡ የአሳማ ሽንጥ፣ ፕሮሹቶና ሞርታዴላ ከፓርሚጃኖ አይብ ጋር አለበት። በ1974 በከተማዋ ንግድ ምክር ቤት የተመዘገበው አሠራር ይኸው ነው። የቦሎኛ ራጉ፣ ፓስታ ላይ የሚደረገው የሥጋ ወጥ፣ የበሬ ሥጋ ነው ብላችሁ ትበሉ ይሆናል። በ1982 የተመዘገበው አሠራሩ ግን ፓንቼታ ይገባበታል፤ እሱም የአሳማ ነው። ላዛኛውም የሚሠራው በዚሁ ራጉ ነው።

ዳቦው ላይም ተጠንቀቁ። ስትሩቶ የሚባል የአሳማ ስብ አለ። ባህላዊው ፒያዲና ውስጥ ይገባል። ክሬሸንቲኔ የሚባሉት የሚጠበሱ ቂጣዎችም ብዙ ጊዜ በእሱ ነው የሚሠሩት። ደግነቱ ፒያዲና በወይራ ዘይትም ይሠራል፤ ብዙ ቤት ሁለቱንም ይይዛል። ከማዘዛችሁ በፊት "ቼ ሎ ስትሩቶ?" (ስትሩቶ አለበት?) ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ለእነሱ አዲስ አይደለም። ሥጋ የማይበሉ ጣሊያኖችም ይጠይቃሉ።

የአሳማ ሥጋ ብቻ የማትበሉ ከሆነ ኦስቴሪያ ውስጥ የሚያድናችሁ ቶርቴሎኒ ነው። ስሙ ከቶርቴሊኒ ጋር ይመሳሰላል፤ መጠኑ ግን ተለቅ ያለ ነው፤ ውስጡም ሪኮታ አይብ ነው። በቅቤና በሳልቪያ ቅጠል ይቀርባል። ደህና ቤት ከገባችሁ ከራጉው አንሶ አይገኝም። እኔ እንዲያውም እመርጠዋለሁ። ስታዙ ግን ከመጨረሻዋ በፊት ያለችውን ፊደል ጥርት አድርጋችሁ ተናገሩ፤ "ሎ" እንጂ "ሊ" አይደለችም።

የጾም ነገር ከዚህ ይከብዳል። የቦሎኛ እጅ ሥራ ፓስታ በእንቁላል ነው የሚለወሰው። ስለዚህ ታሊያቴሌ በቲማቲም ብቻ ቢመጣላችሁም የፍስክ ነው። ደረቁ ፓስታ፣ ማለትም ስፓጌቲ፣ ፔኔና መሰሎቹ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዱቄትና ከውኃ ብቻ ነው። ሜንሳ ውስጥ በቲማቲም የተሠራ ደረቅ ፓስታ ማግኘት ቀላል ነው። "ሴንሳ ፎርማጆ" (ያለ አይብ) በሉ፤ ካላላችሁ አይቡን ይነሰንሱበታል። ፒዛ ቤት ማሪናራ እዘዙ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት፤ አይብ የለውም። ከሁሉም ፒዛ ርካሹም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ባቄላና ሽምብራ ያለበት ሾርባም አለ፤ ግን የአሳማ ቁራጭ ወይም የአይብ ልጣጭ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ጄላቶ (አይስክሬም) ካማራችሁ የፍራፍሬ ሶርቤቶ አለ፤ በአብዛኛው ወተት የለውም።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሚውለውም ከሁለተኛው ሴሚስተር ጋር ነው። በእነዚያ ሳምንታት ውጭ መብላት ያደክማል። በየቦታው መጠየቅ፣ በየቦታው ማስረዳት ነው። ሜንሳንና የራሳችሁን ኩሽና ይዛችሁ ብትከርሙ ይሻላል።

ሮመዳን የምትይዙ ልጆች ሌላ ችግር አለባችሁ። የጣሊያን ምግብ ቤት ለእራት የሚከፍተው 19፡30 ገደማ ነው። ሮመዳን በፈረንጆቹ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ መጨረሻ ሲውል ፀሐይ የምትጠልቀው ከዚያ በጣም ቀድማ ነው። ስለዚህ ለማፍጠሪያ ምግብ ቤት አትጠብቁ። ቦሎኒና በሚባለው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው ሰፈር ሐላል ሥጋ ቤትና የኬባብ ቤት አይጠፋም። ቴምሩንም እዚያው ታገኛላችሁ።

ኦስቴሪያ፦ ለማን፣ መቼ?

ኦስቴሪያ ድሮ ወይን የሚሸጥበት ቤት ነበር፤ ዛሬ ምግብም አለው። ከኦስቴሪያ ከፍ የሚለው ትራቶሪያ ነው ይላሉ፤ አሁን ግን ልዩነቱ ስም ላይ ብቻ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። ተማሪ የሚያዋጣው ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱን በስም ልጥቀስ፤ ምክንያቱም ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል።

ኦስቴሪያ ዴሎርሳ ሜንታና መንገድ ላይ ነው። ለዩኒቨርሲቲው ቅርብ ነው፤ ተማሪ ይሞላዋል። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከማታውቁት ሰው ጋር ትቀመጣላችሁ። ታሊያቴሌ በራጉ የሚበላበት ነው። መሀል ከተማ ያሉ ቤቶች አንድ ሳህን ፓስታ ከ10 እስከ 14 ዩሮ ሲያስከፍሉ እዚህ በተማሪ አቅም ይበላል። ጉዳቱ ወረፋው ነው። ጫጫታም አለው። የልብ ወሬ ለማውራት አይሆንም፤ ፈተና ጨርሶ በቡድን ለመሄድ ግን ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ኦስቴሪያ ዴል ሶሌ ሌላ ነው። ከ1465 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፤ ራኖኪ በሚባል ጠባብ ቅያስ ውስጥ። ምግብ አይሸጥም። መጠጥ ታዛላችሁ፤ የምትበሉትን ከውጭ ይዛችሁ ትገባላችሁ። አንዱ ሞርታዴላ በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል፤ ሌላው ከቤቱ በሳህን የሠራውን ይዞ ይገባል። እንጨት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይካፈላሉ። እኔ ለሐበሻ ተማሪ ይህን ቤት የምወድለት ለዚህ ነው። ጾም ቢሆንም ከጓደኛ አትነጠሉም። ወይራ፣ ዳቦ፣ የተጠበሰ ደበርጃን ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ፤ እነሱ የራሳቸውን፣ እናንተ የራሳችሁን። አንድ ጊዜ ምስር በበርበሬ ይዤ ገብቼ ከጎናችን ያሉት ሰዎች በዳቦ እየጠቀሱ ጨረሱት። አብሮ መቁረስ የሚገባው ሰው ቤቱን ይወደዋል። መጠጥ ቤት መግባት ለማይወድ ግን እዚህ አይመችም፤ መጠጥ ማዘዝ የግድ ነውና። ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሚሆን ቤት ስላልሆነ በጊዜ ሂዱ።

የትም ብትገቡ ሒሳቡ ላይ ኮፔርቶ የሚል ታያላችሁ። በነፍስ ወከፍ የሚከፈል የመቀመጫ ክፍያ ነው፤ 2 ወይም 3 ዩሮ ገደማ። ሜኑው ላይ ስለሚጻፍ አትከራከሩ። ውኃም ይከፈልበታል። ጉርሻ ግን ግዴታ አይደለም፤ ተማሪ ካልሰጠ ማንም ቅር አይለውም።

ገበያ

ራሳችሁ የምታበስሉ ከሆነ ሦስት ምርጫ አለ።

ከፒያሳ ማጆሬ ጀርባ ያለው ኳድሪላቴሮ ለዓይን ደስ ይላል። ጠባብ መንገዶቹ ላይ ዓሣ ቤት፣ አይብ ቤት፣ ፓስታ በእጅ የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ዋጋው ግን የቱሪስት ሆኗል። ሂዱና እዩት፤ አስቤዛ ግን ከዚያ አትግዙ። ሁለተኛው ኡጎ ባሲ መንገድ ላይ ያለው መርካቶ ዴሌ ኤርቤ ነው። ጣሪያ ያለው ገበያ ነው። መሀሉ የአትክልት መደብ፣ ዙሪያው መብያና መጠጫ ነው። አትክልቱ ጥሩ ነው፤ ማታ ደግሞ ወጣት ይሞላዋል። እዚያው ሸምቶ እዚያው መቀመጥ የሚቻልበት ስለሆነ ቅዳሜ ቀን ይመቻል።

ሦስተኛው ቦሎኒና ነው። ቻይናው፣ ባንግላዴሹ፣ አፍሪካዊው ሁሉም ሱቅ አለው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ፣ ከሙን የሚገኘው በደህና ዋጋ እዚያ ነው። መልኩ እንደ መሀሉ ከተማ አያምርም። እኔ ግን ለወር አስቤዛ ሁልጊዜ እሱን ነው የምመርጠው። በርበሬና ሽሮ ከቤት ይዛችሁ ከመጣችሁ የቀረው እዚያ ይሟላል።

ማታ የት ይዋላል?

18፡00 ሲሆን ከተማው በሙሉ ወደ አፔሪቲቮ ይወጣል። ከእራት በፊት የሚጠጣ ነገር ነው። ስፕሪትዝ የሚባለው ወይን ያለበት ቅልቅል መጠጥ ከ5 እስከ 8 ዩሮ ገደማ ነው፤ ጥቂት ቺፕስና ወይራ አብሮ ይመጣል። አንዳንድ ቤት የሚበላውን አብዝቶ ያቀርባል፤ ያኔ እራት ሊተካ ይችላል። አልኮል የማይጠጣ ክሮዲኖ ይዘዝ። መራራ ጣዕም ያለው ብርቱካንማ ለስላሳ ነው፤ ብርጭቆው ከሌሎቹ አይለይም፣ ማንም "ለምን አትጠጣም?" ብሎ አይጠይቅም።

ፒያሳ ቬርዲ የተማሪዎች አደባባይ ነው። ቲያትሩ ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጠው የሚያወሩ ልጆች ቀኑን ሙሉ አይጠፉም። ቀን ላይ እወደዋለሁ። ሲመሽ ግን ጩኸቱ ይበዛል፣ የሰከረም ይመጣል፣ ስልካችሁንም መጠበቅ አለባችሁ። ፕራቴሎ መንገድ ደግሞ ባርና ኦስቴሪያ ተደርድሮበታል። ዕድሜው ትንሽ ከፍ ያለ ሰው ነው የሚሄድበት፤ ሙዚቃ አለ፤ ጨዋታው ደህና ነው። ገንዘብ ግን ሳታስቡት ይወጣል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ።

ፒያሳ ሳንቶ ስቴፋኖ የእኔ ምርጫ ነው። ተያይዘው የተሠሩ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ፊት ለፊት ያለ፣ በድንጋይ የተነጠፈ አደባባይ ነው። ከአንድ ጓደኛ ጋር ተቀምጦ ለማውራት ከእሱ የሚሻል የለም። ምንም መግዛት አያስፈልግም። ጄላቶ ይዞ መምጣት ይቻላል። ስለ ጄላቶ አንድ ነገር፦ እንደ ተራራ የተቆለለና ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ከሆነ እለፉት። ፒስታቾ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ እንጂ እንደ ሣር የደመቀ አይደለም።

ፒያሳ ማጆሬ በፈረንጆቹ በጋ፣ ማለትም በሙቀቱ ወራት፣ ሌላ ዓለም ይሆናል። የከተማዋ ሲኒማ ቤተ መዛግብት፣ ቺኔቴካ፣ ማታ ማታ ትልቅ ስክሪን ተክሎ ፊልም በነፃ ያሳያል። ወንበር ቀድሞ የሚሞላ ስለሆነ ልማድ ያላቸው መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ይቀመጣሉ። እራታችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ።

ቀን ላይ ሣር ላይ መጋደም ከፈለጋችሁ ጃርዲኒ ማርጌሪታ አለ። ትልቅ መናፈሻ ነው፣ ኩሬም አለው። እሁድ የእኛን አገር ልጆች ሰብስቦ ምሳ ለመብላት ይመቻል።

ለማጥናት

ካፌ አትሞክሩ። ባር ለዚያ እንዳልሆነ ከላይ ተናግሬአለሁ። ሳላ ቦርሳ ሂዱ። ከፒያሳ ማጆሬ ጎን ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በ2001 ተከፍቶ ለማንም ነፃ ነው። ቀድሞ የንግድ ልውውጥ፣ በጣሊያንኛ ቦርሳ የሚባለው፣ የሚካሄድበት አዳራሽ ነበር። ጣሪያው ከፍ ያለ መስታወት ነው። ወለሉ ላይም መስታወት አለ፤ ከሥሩ የሮማውያን ዘመን ፍርስራሽ ይታያል። ሞቃት ነው፣ ብርሃን አለው። ጉዳቱ ቦታ ማግኘት ነው፤ በፈተና ሰሞን በጠዋት ካልደረሳችሁ ወንበር የለም። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በየፋኩልቲው አሉ፤ ጸጥታው የበለጠ ነው። ለብቻ ለማጥናት እነሱ፣ ከሰው ጋር ለመዋል ሳላ ቦርሳ።

እንጀራ ሲናፍቅ

ቦሎኛ ሐበሻን ታውቃለች። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ኤርትራውያን ከመላው አውሮፓ በየዓመቱ ለፌስቲቫል የሚሰበሰቡባት ከተማ ነበረች። ዛሬም የኤርትራና የኢትዮጵያ ምግብ የሚሸጥበት ቤት አለ። በያይነቱ ከውድ ኦስቴሪያ እራት ያንሳል፤ ለሁለት ሰው አንድ ትሪ ይበቃል። ጣሊያን ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በእጅ መብላት ስታስተምሯቸው ሌላ ዓይነት መቀራረብ ይመጣል።

የበለጠ ምርጫ ከፈለጋችሁ ሚላኖ ፖርታ ቬኔሲያ አለ። ሰፈሩ የሐበሻ ነው ማለት ይቻላል። ምግብ ቤቱ፣ ቡናው፣ ጸጉር ቤቱ፣ ቅመሙ በአንድ አካባቢ ነው። በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ቲኬቱ ግን ቀድሞ ካልተገዛ ይወደዳል። ዘገምተኛው የክልል ባቡር ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ ዋጋው ግን አይዋዥቅም። ለበዓል ስትሄዱ ከአምስት ጓደኛ ጋር ተነጋግራችሁ እንጀራና ቅመም ለሁሉም ግዙ። እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ ሲያዝ ይቆያል።

ነሐሴ

አንድ ነገር ቀረ። ኦገስት ላይ ከተማው ይዘጋል። ኦገስት 15 ፌራጎስቶ የሚባል በዓል ነው፤ በዚያ ሳምንት ባርም፣ ፎርኖም፣ ኦስቴሪያም በራቸው ላይ ወረቀት ለጥፈው ባሕር ይወርዳሉ። የሜንሳውንም ሰዓት ቀድማችሁ እዩ፤ ይቀንሳል ወይም ይዘጋል። የሰፈራችሁ ባር ከመዘጋቱ በፊት መቼ እንደሚመለሱ ጠይቁ። ከዚያ ፓስታውን፣ ቲማቲሙንና ምስሩን ከጁላይ ጀምራችሁ ጓዳ አስገቡ። ከተማ የቀሩትን የክፍል ጓደኞቻችሁንም ስማቸውን ያዙ፤ አብዛኞቹ እንደ እናንተ ቤተሰባቸው ሩቅ ያለ ልጆች ናቸው። ተራ ገብታችሁ አብስሉ።